በጎጃም ከተሞች የላንድስኬፕ ዲዛይን ልምምድ ቦታ አፈላለግና አፈጻጸም

የልምምድ ወቅት በተቃረበ ቁጥር ከአርክቴክቸር፣ ከሆርቲካልቸርና ከቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል፦ «በላንድስኬፕ ዲዛይን ልምምድ መውጣት እፈልጋለሁ፤ ጎጃም ውስጥ ማን ይቀበለኛል? ከተቀበሉኝስ በኋላ ምን እሠራለሁ?» ላንድስኬፕ ዲዛይን ስል የግቢ፣ የፓርክና የአደባባይ ንድፍና ተከላ ማለቴ ነው። ይህ መመሪያ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። የተጻፈው በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ ዙሪያ ለሚለማመድ ሰው ሲሆን፣ ልምምዱ ሁለት ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንደሚቆይ ታስቦ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት የትምህርት ክፍልዎ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለእያንዳንዱ ተቀባይ መሥሪያ ቤት በስሙ የተጻፈ
• የተማሪነት መታወቂያ፣ የውጤት መግለጫ ቅጂና ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ሲቪ
• በራስዎ ለክተው የሠሩት አንድ የዲዛይን ናሙና (ደረጃ 3 ይመልከቱ)
• 30 ወይም 50 ሜትር የሚረዝም ሜትርና አንድ ባለ 5 ሜትር
• ለውኃ ልክ የሚሆን፣ ውስጡ የሚታይ፣ 10 ሜትር ያህል ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ
• ሲባጎ፣ ችካል፣ ጥቂት ኖራ
• ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ እርሳስና ስኬል ማስመሪያ (ዝናብ ላይ እስክሪብቶ ይደበዝዛል)
• ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና ባርኔጣ
• ላፕቶፕ ካለዎት ከነፍላሹ፤ መብራት በድንገት ስለሚሄድ ሥራዎን በሁለት ቦታ ያስቀምጡ

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ከዝናቡ ጋር ያስማሙ

ብዙ ተማሪ መጀመሪያ ተቋም ይፈልጋል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ወቅቱን እንዲመለከቱ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሙያ አንድ መሥሪያ ቤት ሊያሳይዎ የሚችለው ሥራ በወሩ ላይ የተመሠረተ ነው። በአካባቢያችን ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም በመሆኑ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ዋናው ሥራ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ልኬት፣ ዲዛይን፣ የመንገድና የንጣፍ ሥራ እንዲሁም የጉድጓድ ቁፋሮ ይካሄዳል፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ተከላ ይሆናል፤ ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ውኃ ማጠጣት፣ መኮትኮትና የደረቀውን ቆጥሮ መተካት ይቀራል።

ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ያለውን ጊዜ ይያዙ። በዚህ ጊዜ የወረቀቱ ሥራ ወደ መሬት ሲወርድ ያያሉ፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የተሠራው ቁልቁለት ውኃውን በትክክል ይወስድ እንደሆነ በዓይንዎ ይፈትሻሉ። ጊዜውን ትምህርት ክፍሉ ከወሰነው፣ ለዚያ ወር የሚስማማ ሥራ ያለው ቦታ ይፈልጉ። በኅዳር ወደ ተከላ ቡድን መግባት ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ በኅዳር ዲዛይን ቢሮ መግባት ግን ምንም አያጎድልብዎትም።

ደረጃ 2፦ ሥራው የሚገኝባቸውን ቦታዎች ይለዩ

«ላንድስኬፕ» የሚል ታፔላ ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ብዙ አያገኝም። ሥራው በሌላ ስም ተጠርቶ በሚከተሉት ቦታዎች ይሠራል።

ማዘጋጃ ቤቶች የከተማ ውበትና አረንጓዴ ልማት ሥራን የሚይዝ ክፍል አላቸው። አደባባዮች፣ የመንገድ አካፋዮችና ፓርኮች በዚህ ክፍል ሥር ስለሚሆኑ፣ በተለይ እንክብካቤውንና የሕዝቡን አጠቃቀም ለመማር የተሻለ ቦታ የለም፤ ድክመቱ ሥዕል የሚሠራበት ጊዜ አጭር መሆኑ ነው። የኮሪደር ልማት ሥራ ባለባቸው ከተሞች አማካሪና ሥራ ተቋራጭ ድርጅቶች የእግረኛ መንገድ፣ የመብራትና የተከላ ሥራን አንድ ላይ ስለሚይዙ፣ እነሱ ዘንድ የሥራ ሥዕል አነባበብና የመጠን ስሌት ይማራሉ። በጣና ዳር ያሉ ሆቴሎችና ሎጆች ቋሚ አትክልተኛ አላቸው፤ ዲዛይን የሚሠራ ባለሙያ ግን ብዙውን ጊዜ ስለሌላቸው፣ የሚቆጣጠርዎትን ሰው አስቀድመው ያረጋግጡ። የዩኒቨርሲቲዎች የግቢ ውበት ክፍል ሰፊ መሬትና የራሱ ችግኝ ጣቢያ ስለሚኖረው ብዙ ተማሪ የሚዘነጋው ጥሩ አማራጭ ነው። የሆርቲካልቸር ተማሪ ከሆኑ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ፣ የአርክቴክቸር ተማሪ ከሆኑ በፖሊ ግቢ ያሉ መምህራንን የውጭ ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ይጠይቋቸው።

ለውጭ ገበያ ጽጌረዳ የሚያመርት የአበባ እርሻ የላንድስኬፕ ልምምድ ቦታ አይደለም። እዚያ የሚማሩት የምርት ሥራ ነው፤ ትምህርት ክፍልዎም ላይቀበለው ይችላል።

ከሦስት እስከ አምስት ቦታዎችን መርጠው በአካል ይሂዱ። መንገድ በተለያየ ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችል በየቀኑ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያመላልስ ቦታ አይምረጡ፤ የሚለማመዱበት ከተማ ውስጥ ማደሪያ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ አንድ ትንሽ ቦታ ለክተው ናሙና ይሥሩ

ተቀባዩን የሚያሳምነው ይህ ናሙና ነው። በኮምፒዩተር ያማረ ምስል ሁሉም ተማሪ ያመጣል፤ በእጁ የለካውን መሬት ይዞ የሚመጣ ግን ጥቂት ነው። የተለካ ሥዕል በሳይት (በሥራው ቦታ) ላይ ወዲያውኑ ሥራ ሊሰጡዎት እንደሚችሉ ስለሚያሳይ፣ ለዚህ ደረጃ አንድ ሙሉ ሳምንት ቢሰጡት አይበዛም።

ሀ. ከ400 እስከ 1000 ካሬ ሜትር የሆነ ግቢ ይምረጡ፤ የተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ቀበሌ ሊሆን ይችላል። ኃላፊውን ያስፈቅዱ። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ ቀርበው ያነጋግሩ፤ በዚያ ያሉትን ነባር ዛፎች እንደማይነኩም ከመጀመሪያው ይግለጹ።

ለ. የግቢውን ዙሪያና የሕንፃዎቹን ማዕዘኖች ይለኩ። ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ መሆናቸውን በዓይን አይገምቱ፤ ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርገው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ከሆነ ብቻ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው።

ሐ. እያንዳንዱን ዛፍ ከሁለት የታወቁ የሕንፃ ማዕዘኖች ይለኩ። በወረቀት ላይ ከሁለቱ ማዕዘኖች በኮምፓስ ቅስት ሲስሉ ቅስቶቹ የሚገናኙበት ነጥብ የዛፉ ቦታ ነው። በአንድ ልኬት ብቻ የተቀመጠ ዛፍ በሥዕሉ ላይ በትክክል ሊውል አይችልም።

መ. የመሬቱን ከፍታ በውኃ ልክ ይውሰዱ። ቱቦውን ውኃ ሞልተው የአየር አረፋ አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ የሁለቱም ጫፍ አፍ ክፍት ይሁን። አንደኛው ጫፍ ላይ ውኃው ከመሬት 1.20 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በሌላው ጫፍ 1.45 ሜትር ከፍ ካለ፣ ሁለተኛው ቦታ በ25 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ትልቁ ቁጥር ዝቅተኛውን መሬት ያመለክታል፤ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያገለብጡት ይህንን ነው።

ሠ. በ1፡200 ስኬል በኤ3 ወረቀት ላይ ይሳሉ። በዚህ ስኬል 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 2 ሜትር ስለሚሆን 40 በ50 ሜትር የሆነ ሰፋ ያለ ግቢ እንኳ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በምቾት ይገባል።

ረ. በአንድ ገጽ አሁን ያለውን፣ በሁለተኛው ውኃ የሚተኛበትን፣ ሰው አቋርጦ የሚሄድበትንና ጥላ የሌለበትን፣ በሦስተኛው የእርስዎን ሐሳብ ያሳዩ። የተክል ዝርዝሩ ስም፣ ሲያድግ የሚኖረው ስፋት፣ በተክሎች መካከል የሚተወው ርቀትና ችግኙ የሚገኝበት ቦታ ይኑረው።

ተክል ሲመርጡ የከተማውን ከፍታ ያስቡ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ዘንባባ፣ ጃካራንዳና ቡገንቪል በደንብ ይይዛሉ፤ ደብረ ማርቆስ 2450፣ እንጅባራ ደግሞ 2550 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ለሌሊት ብርድ የሚበረቱ እንደ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና በአዊ ደጋ እንደለመደው ቀርከሃ ያሉትን ማስቀደም ይሻላል። የባሕር ዳርን የተክል ዝርዝር እንዳለ ወደ እንጅባራ የገለበጠ ናሙና ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ዓይን አያመልጥም።

ደረጃ 4፦ ደብዳቤውን በሥርዓቱ ያስገቡ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤው መጀመሪያ በመዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፤ ከዚያ ኃላፊው ወደሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። ስለዚህ ደብዳቤውን ለኃላፊው በእጅ ሰጥቶ መሄድ አይበቃም። የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በራስዎ ቅጂ ላይ ያስመዝግቡ፤ ተመልሰው ሲመጡ ደብዳቤው የት እንደደረሰ የሚገኘው በዚያ ቁጥር ነው። ከሦስት የሥራ ቀን በኋላ በአካል ይጠይቁ። ወደ ክፍሉ ከተመራ የክፍሉን ባለሙያ ናሙናዎን ይዘው ያነጋግሩ፤ ውሳኔው ላይ የእርሱ ወይም የእርሷ አስተያየት ብዙ ይመዝናል።

በግል ድርጅት አሠራሩ አጭር ነው። ዘወትር ጠዋት ባለሙያዎቹ ወደ ሳይት ስለሚወጡ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮ ይሂዱ፤ ደብዳቤውን፣ ሲቪውንና ናሙናውን አንድ ላይ ይስጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የልምምድ ቦታ አገኝልዎታለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አይክፈሉ። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀንና ስምም በራስዎ አያስተካክሉ፤ ስህተት ካለበት ትምህርት ክፍሉ እንደገና ይጻፍልዎት።

ደረጃ 5፦ ምን እንደሚሠሩ በጽሑፍ ይስማሙ

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ገጽ የሥራ ዝርዝር አዘጋጅተው ተቆጣጣሪዎ እንዲፈርሙበት ይጠይቁ። ዝርዝሩ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ የሚቆጣጠርዎት ሰው፣ በየትኛው ሳምንት ምን እንደሚለማመዱና በመጨረሻ የሚያስረክቡትን ሥራ ይይዛል። ልምምድ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም፤ ቢሆንም ወደ ሳይት የሚወስድዎ የባጃጅ ወጪ በማን እንደሚሸፈን መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህ ወረቀት ከሌለ ከፊል ጊዜዎ ደብዳቤ በማድረስና ፎቶ ኮፒ በማንሳት ያልቃል፤ ያን ጊዜ ለመከራከር መነሻ አይኖርዎትም።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያውን ሳምንት መሬቱን በማንበብ ያሳልፉ

ዲዛይን አይጀምሩ። ሥዕሉ ላይ ያለው መሬትና ዓይንዎ የሚያየው መሬት እንዲገናኙ አራት ነገሮችን ይመዝግቡ።

አፈር፦ በጎጃም ሁለት አፈሮች በብዛት ያጋጥሙዎታል። ቀዩ አፈር ውኃን ያሳልፋል፤ በደጋው በተለይ በምዕራቡና በአዊ ግን አሲዳማ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ኖራ ሊያስፈልገው ይችላል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ስለዚህ በላዩ ላይ የሚሠራ ንጣፍና የግንብ አጥር ያለ በቂ መሠረት ይንቀሳቀሳል።

የውኃ ስርገት፦ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉ፤ ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሞልተው በሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚወርድ ይለኩ። የመጀመሪያው ሙሌት ደረቁን አፈር ለማርጠብ ስለሚውል አይቆጠርም። በሰዓት ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ ቦታው ውኃ ይቋጥራል፤ ከፍ ያለ መደብ ወይም ማፋሰሻ ቦይ ይፈልጋል።

ፀሐይ፦ ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ በቀሪው ዓመት በደቡብ በኩል ትሆናለች። በሰኔ የመዘገቡት ጥላ የታኅሣሥን ጥላ አያሳይም። የመቀመጫ ቦታ የሚመርጡት ለበጋው ሰው ስለሆነ የታኅሣሡን በሶፍትዌር ወይም በስሌት ያረጋግጡ፤ ከውጭ አገር መጻሕፍት የተገለበጠው «የሰሜን ግድግዳ ሁልጊዜ ጥላ ነው» የሚለው ደንብ እኛ አገር አይሠራም።

ሰው፦ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቆመው ሰዎች በየት እንደሚያቋርጡ ይሳሉ። ሣር ላይ የተረገጠው ቀጭን መንገድ ዲዛይኑ ሊቀበለው የሚገባ መንገድ ነው፤ በአጥር ሊዘጉት ቢሞክሩ አጥሩ ይሰበራል።

ግቢውን ለዓመታት የተንከባከበውን አትክልተኛም ያነጋግሩ። በዕድሜ የገፉ ከሆኑ «ጋሼ» ብለው በአክብሮት ይጠይቋቸው፤ ባለፈው ክረምት ውኃው እስከየት እንደደረሰና የትኛው ችግኝ ሦስት ጊዜ ተተክሎ እንደደረቀ በየትኛውም ሥዕል ላይ አይገኝም።

ማስጠንቀቂያ፦ በጣና ዳርና በዓባይ መውጫ አካባቢ ሲለኩ ውኃው ውስጥ በባዶ እግር አይግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ጉማሬ ወደ ዳር ስለሚወጣ በነዚህ ሰዓቶች ዳርቻው ላይ ብቻዎን አይሥሩ። ከክረምት በኋላ ወባ ስለሚበረታ በአጎበር ይተኙ። ድልድይና የመንግሥት ሕንፃ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ።

ደረጃ 7፦ በየቀኑ ይመዝግቡ

የሎግ ቡኩን (የልምምዱን የዕለት መዝገብ) በሳምንት አንድ ጊዜ በትዝታ መሙላት የተለመደ ነው፤ ግምገማ ላይም ወዲያው ይታወቃል። በየምሽቱ ዛሬ የተሠራውን፣ መጠኑን፣ የተጠቀሙትን መሣሪያና ያልገባዎትን አንድ ጥያቄ ይጻፉ። ጥያቄውን በማግሥቱ ያቅርቡ። ፎቶ ከአንድ ቋሚ ቦታ በየሳምንቱ ያንሱ፤ ለውጡ የሚታየው እንደዚያ ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ ያስፈርሙ።

ደረጃ 8፦ ዲዛይኑ ወደ መሬት ሲወርድ ከሠራተኞቹ ጋር ይሁኑ

ይህ የልምምዱ ዋና ክፍል ስለሆነ ቢሮ ቢጠሩዎትም እንኳ በትሕትና ጠይቀው ሳይት ላይ ይቆዩ።

መጀመሪያ መስመሩ በችካልና በሲባጎ ይዘረጋል፤ ክብ ቅርጽ ከመሐል ችካል ላይ በታሰረ ሲባጎ ይዞራል፣ በኖራም ይሰመራል። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የውኃ ቧንቧ፣ የመብራትና የቴሌ ገመድ የት እንደሚያልፍ የግቢውን ኃላፊ ይጠይቁ፤ አንድ የዶማ ምት ሰፈሩን በሙሉ ውኃ ሊያሳጣ፣ ሰውንም ሊገድል ይችላል።

ንጣፍ ሲሠራ ከሕንፃው ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር መውረዱን ይለኩ፤ በ5 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ኮብልስቶን ላይ ውኃ ይተኛል፤ ወደ ሕንፃው ያዘነበለ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ርጥበት ይስባል።

ለዛፍ ችግኝ የሚቆፈረው ጉድጓድ በአማካይ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ይኖረዋል። የላይኛውን ጥቁረት ያለው አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ያስቀምጡ፤ ሲሞላ ለሙ የላይኛው አፈር ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ሥሩ አጠገብ መሆን አለበት። መሬቱ በዝናብ በደንብ ከራሰ በኋላ ይትከሉ፤ የመጀመሪያው ካፊያ አያታልልዎት። የፕላስቲኩን ከረጢት ቀደው ሙሉ በሙሉ ያውጡ፣ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ይቁረጡ፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። አንገቱ ከተቀበረ ችግኙ ይበሰብሳል። በዋልካ አፈር ላይ ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ውኃ ስለሚይዝ ችግኙን ከፍ ባለ ጉብታ ላይ መትከል ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዋርካና ሾላ ለግንብና ለቧንቧ ቅርብ አይተከሉም። ቅንጭብ በአጥርነት የተለመደ ቢሆንም ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ሕፃናት ባሉበት አያድርጉት። የእምቦጭ አበባ ስላማረ ብቻ ወደ ግቢ ኩሬ አያስገቡ፤ ጣና ላይ ያደረሰው ጥፋት ይበቃል። የወፍ ቆሎም ከአጥር አምልጦ ስለሚዛመት አይምረጡት።

ደረጃ 9፦ መጠንና ዋጋ ማስላት ይማሩ

ተቆጣጣሪዎን አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሰሉ እንዲፈቅዱልዎ ይጠይቁ። 30 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የእግር መንገድ 45 ካሬ ሜትር ነው፤ ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ከተነጠፈ 2.25 ሜትር ኩብ አሸዋ ያስፈልጋል። 24 ሜትር የተክል አጥር በ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሲተከል 81 ችግኝ ይፈልጋል፤ ለሚደርቀው አንድ አሥረኛ ጨምረው 90 ያህል ይዘዙ። ዋጋውን ከኢንተርኔት አይውሰዱ፤ በዚያው ሳምንት ከችግኝ ሻጭና ከአሸዋ አቅራቢ ይጠይቁ።

ደረጃ 10፦ ሪፖርቱንና ርክክቡን ከመጨረሻው ሳምንት በፊት ይጀምሩ

ሪፖርቱ የድርጅቱን ታሪክ በአሥር ገጽ የሚተርክ መሆን የለበትም። በወረቀት ላይ የነበረውንና በመሬት ላይ የተሠራውን ጎን ለጎን አሳይቶ፣ ልዩነቱ ለምን እንደመጣ የሚያስረዳ ይሁን። ለተቀባዩ ድርጅት ደግሞ ሁለት ነገር ይተዉ፦ አንደኛው የተሠራውን እንደተሠራ የሚያሳይ ሥዕል፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ግንቦት በየወሩ የሚደረገውን ውኃ፣ ኩትኮታና የቅርንጫፍ ገረዛ የያዘ የእንክብካቤ ሰሌዳ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው የመጀመሪያው በጋ ብዙ ችግኝ የሚደርቅበት ጊዜ ስለሆነ ይህ ሰሌዳ ለአትክልተኛው በእጅ ይሰጥ።

የመገምገሚያ ቅጹን ተቆጣጣሪዎ ለመስክ ከመውጣታቸው በፊት ይስጡ፤ በታሸገ ፖስታ፣ በማኅተም ተመልሶ እንደሚፈለግም ያስታውሷቸው። የልምምድ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ በተናጠል ይጠይቁ፤ ቅጹ ለትምህርት ክፍሉ ነው፣ ደብዳቤው ግን ለእርስዎ።

የተለመዱ ስህተቶች

በሥዕል ላይ ያለው ተክል በየትኛውም የአካባቢ ችግኝ ጣቢያ አለመገኘቱ ዋነኛው ነው። ሥዕሉን ከመጨረስዎ በፊት ሁለት ችግኝ ጣቢያ ሄደው ያለውን ዓይነትና ቁመት ይቁጠሩ።

ቦታው ወዲያው የሞላ እንዲመስል ችግኞችን ማጠጋጋትም ብዙ ያጋጥማል። ለዛሬ ባዶ የሚመስለው ቦታ ዋንዛ አሥር ዓመት ሲሞላው ይጠብበዋል፤ ባዶነቱ ካስጨነቀዎት መካከሉን በዓመታዊ አበባ ይሙሉት።

ሣርን በሁሉም ቦታ መዘርጋት ሌላው ነው። በጋ ላይ ውኃ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ሠርዶ እንኳ ይገረጣል፤ ጠጠር ወይም መሬት የሚሸፍን ቁጥቋጦ ይሻለዋል።

ስህተት ያዩበትን ሥራ በሠራተኞች ፊት ከመናገር ይቆጠቡ። ሥዕሉን ይዘው ፎርማኑን ለብቻው ይጠይቁት፤ አንዳንዴ እርስዎ ያላዩት ምክንያት ይኖረዋል፣ ከሌለውም ለማስተካከል ይቀለዋል።